ጥቁሩን ብስክሌት ለምን እንዳስቀረሁት

በ2011 ዓ.ም. የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ያን ዓመት ያደረግሁትን ከእናንተ በፊት የሰማ የለም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይችን እዘላታለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ያልተናገሩት ነገር ይፈታል እንዴ?

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደምናገረው እጽፈዋለሁ።

ደብረ ታቦር ላይ ብስክሌት ስጠግን ነው የኖርኩት። ጎማው የተነፈሰበትም ካቴናው የተበጠሰበትም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። በብስክሌት ነገር አያ በላይ ካሉ አለቀ፣ ሌላ ሰው አይጠየቅም። መታመኔ አጠፋኝ አልልም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የባትሪ ብስክሌት ሸጠ። ለተራራ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ። ነጣጥዬ አልሸጥም ስላለ ልጄ ጌትነትና ጎረቤታችን ይሸሐረግ እኩል አዋጥተው ገዟቸው። ጌትነት ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር፣ ከተማ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። መንገዱ አስፋልትና ኮብልስቶን ብቻ ነው። ይሸሐረግ ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ወደ ገጠሩ ትወርድና እንቁላል ሰብስባ ሽቅብ ወደ ከተማ ታመጣለች። መንገዷ ጠጠር ነው፤ ቁልቁለቱ ያዞራል፣ ዳገቱ ወገብ ይሰብራል። አልጋ ላይ የዋለች እናቷን የምታስተዳድረው በዚሁ ነበር።

የትኛው ለማን ይሁን? እኛ ቅርጫ ስንካፈል ዕጣ እንጥላለን። ሁሉም ጠጠርም ይሁን ስንጥር ምልክቱን ይሰጣል፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያኖረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቅሬታ የለም። ብስክሌቶቹንም እንደዚያው እናድርግ ብለው ተስማሙ። ጌትነት ጠጠር አዘጋጀ፣ ይሸሐረግ ስንጥር ሰበረች። ዕጣውን የሚጥሉት ጎረቤታችን መሪጌታ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆሙ።

ያስቆምኩት እኔ ነኝ። "ይህ ሥጋ አይደለም" አልኩ። "ብስክሌት የሚመረጠው እንደ ነጂው ነው። ሁለቱንም ነድቼ እኔ ልፍረድ።"

መሪጌታ ዞር ብለው ሳቁ። "በላይ፣ ዕጣውን ከእግዜር እጅ ነጠቅኸው እኮ!"

ቀልዳቸውን ነበር።

መጀመሪያ ጥቁሩን ነዳሁ። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ነው ያለው። እግርህን ስታሳርፍበት ያግዝሃል፣ ስትተወው ይተውሃል። ዳገቱ ላይ ጠጠሩን ሳይረጭ እንደ በቅሎ እየረገጠ ወጣ። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ነው፣ ሁለት ጣት ይበቃዋል። ቁልቁል ስወርድ በፈለግሁበት ቆመልኝ።

ከዚያ ነጩን ያዝኩ። የእሱ ሞተር የኋላ ጎማው ውስጥ ነው። ፔዳል ባትመታም በአውራ ጣትህ ጫን ስታደርገው ይሄዳል፣ አስፋልት ላይማ ይበራል። ዳገት ላይ ግን ያቃስታል፣ ይግላል። ኋላው ስለሚከብድ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። ፍሬኑ የሽቦ ነው። ቁልቁለቱን አጋምሼ ስጨብጠው መያዣው መሪው ድረስ ገባ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። በሁለት ጫማዬ መሬቱን እያረስኩ ወርጄ ከአንድ የአፈር ክምር ጋር ተላትሜ ቆምኩ። ማንም አላየኝም። ሽቦውን በመፍቻ ወጠርኩና ተመለስኩ።

ፍርዱ ሕፃን የሚፈርደው ነበር። ነጩ ለአስፋልት፣ ለጌትነት። ጥቁሩ ለዳገትና ለቁልቁለት፣ ለይሸሐረግ። አውቅ ነበር። ደግሜ ልበለው፣ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ገለበጥኩት? ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ቆይቶ ነበር፤ ብስክሌት የምጠግን እንጂ የማልነዳ ሰው ሆኜ ነበር። ጥቁሩ ያን ዳገት ያለ ሕመም አወጣኝ። ከግቢዬ እንዳይወጣ ፈለግሁ። ይኸው ነው። ለልጄ አድልቼ ቢሆን አባት ነው ትሉኝ ነበር። እኔ ያደላሁት ለራሴ ነው።

"ነጩ የይሸሐረግ ነው" አልኩ። "ጭነቷ ከኋላ ነው፣ ሞተሩም ከኋላ ነው። ፔዳል ሳትመታ ይሄድላታል፣ አትደክምም። ጥቁሩ የጎረምሳ እግር ይፈልጋል።" ውሸቴ እንዴት እንደሚያምር አያችሁ?

ይሸሐረግ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ያንኑ ጉልበቴን። "አያ በላይ፣ ለእኔ አስበው ነው። ዕድሜ ይስጥልኝ።"

"ብቻ ቁልቁለቱን ቀስ በይ" አልኳት።

"ኧረ ይተዉኝ! ኩዌት አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ተንጠልጥዬ መስታወት የወለወልኩ ሰው ነኝ። ይቺ ቁልቁለት ታስፈራኛለች?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። ጌትነት ሥራ ሲሄድ በእግሩ እየሄደ ጥቁሩን ይተውልኛል፣ እኔም እሱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። "አያ በላይ ጎረመሱ! ሚስት እንፈልግ እንዴ?" እያሉ ጎረቤቶቼ ይቀልዱብኛል። ደስ ይለኛል። ደስ ብሎኝ ሳለሁ ግን ዓይኔ ወደ ታችኛው መንገድ ነው። ዛሬ ወርዳለች? የት ደርሳ ይሆን? ሰማዩ ጠቆረ፣ ጠጠሩ ረጥቦ ይሆን? ነጩ ከመታጠፊያው በኩል ብቅ ሲል "ተመስገን" እላለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ያው ጭንቀት። ሰው ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይዞ እንዴት ይስቃል? እኔ ስቄአለሁ።

በደጄ ስታልፍ እየጠራሁ የፍሬኑን ሽቦ አጠብቅላት ነበር። በነጻ። "ከወለደኝ አባት በላይ የሚያስቡልኝ እርስዎ" ትለኛለች። ሽቦ ማጥበቅ ምን ያደርጋል? ሸራው አልቋል። አዲስ ሸራ ከባሕር ዳር ማስላክ ይቻል ነበር። ግን "ለምን አዲስ አስፈለገ?" ብትለኝስ? "ያን ቀን ሲነዱት ደህና ነው አላሉም ወይ?" ብትለኝስ? ይችን አንዲት ጥያቄ ፈርቼ ሸራ ሳላስልክ ቀረሁ። ተለዋወጡ ማለትስ አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። አልፈለግሁም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን በዝናብ ወረደች። የምትመለስበት ሰዓት አለፈ። ከደጄ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ቆምኩ። ጥቁሩን ይዤ ልውረድ ብዬ አወጣሁት፤ ብወርድ የማየውን ፈርቼ መልሼ አስገባሁት። በመጨረሻ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። ከወንዙ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ብስክሌቱ አልቆም ብሏት ገደል ውስጥ ገብታለች። የቀኝ ጭኗ ተሰብሯል። ቀርቤ ሳያት ፊቷ ጭቃ ነው።

"አያ በላይ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ። "የመረጡልኝን ዕቃ አበላሸሁት። እኔ ነኝ የፈጠንኩት።"

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች! ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? "እግዜር ይማርሽ" ብዬ አለፍኩ።

እግሯ ድኗል፣ ግን አጥሮ ነው የዳነ። የእንቁላሉ ሥራ ቀረ። ዛሬ ደጇ ላይ ሽንኩርትና ጨው ትሸጣለች፤ ሰው "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት "በገዛ ጥድፊያዬ" ትላለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሰባ አምስት ሞልቶኛል። ይችን ቃሏን እየሰማሁ መሞት አልፈልግም። ለምን ፊት ለፊት አልነገርኳትም? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ማንበብ ትችላለችና ታንብበው፦ ይሸሐረግ፣ አልፈጠንሽም። ፍሬን የሌለው ብስክሌት እያወቅሁ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይህ ያንቺ ፈንታ ነው።

አሁን የቀረኝ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እሷ በወደቀች በማግሥቱ ጠዋት ያደረግሁት። የይሸሐረግ ወንድም ነጩን ብስክሌት እየገፋ ወደ ግቢዬ አመጣው።

"አያ በላይ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለ። "ጥፋቱ የብስክሌቱ ነው ወይስ የእሷ? የሸጠን ሰው አጭበርብሮን እንደሆነ ልወቅ። መሪጌታን ጠርቼ መጣሁ።"

እስኪመለስ ድረስ ብቻዬን ነበርኩ። ጭቃውን ጠረግሁ። ሽቦውን እስኪጮህ ወጠርኩት። ሁለቱም ሲመጡ የኋላ ጎማውን አንሥቼ በእጄ አሽከረከርኩና ፍሬኑን ጨበጥኩ። ሰው ያልተቀመጠበት፣ ቁልቁለት የሌለበት ጎማ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ያያችሁት ነው" አልኩ። "ፍሬኑ ይይዛል።"

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሟ አንገቱን ደፋ። "እንግዲያ እሷው ናት" አለ። "እኔስ ፍጥነቷን አውቀው የለ። ሄጄ ልንገራት።" ወደተኛችበት ሆስፒታል አቀና። ጠርቼ ልመልሰው እችል ነበር። በሩን ዘጋሁ፣ እጄን ከግራሶው ታጠብኩ፣ ቁርሴን በላሁ።