የኦቾሎው ሸማኔ ድነዋል!

"ጋሽ ዳና፣ ድነዋል! አክታዎ ውስጥ ምንም ባክቴሪያ የለም" ስላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ጋሽ ዳና ጋሞ ውስጥ ያለችው የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲይዛቸው፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ወደምንሠራው የአዲስ ሕክምና ጥናት ገቡ።

"ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"እኛም መረመርን፣ የውጭዎቹም ደግመው መረመሩ። ውጤቱ አንድ ነው!"

በቪዲዮ የምትከታተለን ህንዳዊት ባልደረባችን እንባዋን ስትጠርግ ኔትወርኩ ቆመ። (የእኛ ኔትወርክ ደስታ አይወድም መሰለኝ!)

ጋሽ ዳና ግን ስልኬ ላይ ደርቆ የቀረውን ምስሏን እያዩ በጋሞኛ መረቋት። ከዚያ ወደ በሩ አመሩ።

"ወዴት ነው?"

"የልጅ ልጄን ገና አቅፌው አላውቅም። ልሂድ!"

ዛሬ ቲቢን አሸንፈናል! እናንተ ቤትስ እንዲህ የዳነ ሰው አለ? ጻፉልን፣ አብረን እልል እንበል።