ስድስት ከስንት

ግቢው ውስጥ «ሬዲዮ» የሚል ስም ያወጣላት ጫማ ሰፊው ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰማች ቀን የተቆጣች መስላ ፊቷን አዞረች እንጂ፣ ሆዷ እንዴት ደስ እንዳለው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። ዕድሜ ልኳን «ልብስ ሰፊዋ» ስትባል የኖረች ሴት በስተርጅና ዜና አንባቢ ሆና ስትሾም ምን ብላ ትጠላለች?

ፊደል የቆጠረችው ልጆቿን አሳድጋ፣ ድራ፣ የልጅ ልጅ ካቀፈች በኋላ ነው። ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቷን እስከ አገጯ አጥፋ ተቀምጣ ሀ ሁ አለች። ከዚያ በፊት የደንበኞቿን ልክ የምትይዘው በቁጥርና በሥዕል ነበር። ቁጥር ድሮም አይቸግራትም፤ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት። ከቁጥሩ ጎን ለአስተማሪዋ መነጽር፣ ለወፍራሙ ሹፌር ደግሞ ጎማ ትሥላለች። ሹፌሩ አንድ ቀን ጎማውን አየና፣ «ይሄ ሥራዬ ነው ሆዴ?» አላት።

«ሁለቱንም ይዟል» አለችው።

ማንበብ ከቻለች ወዲህ ግን አፏ አላርፍ አለ። የሳሙና ካርቶን፣ የሱቅ በር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ «አጥር ሥር መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር አላፊ አግዳሚው እስኪሰማት ድረስ ታነባለች። የልጅ ልጇ አብራት መንገድ መሄድ እያፈረች፣ «እማዬ፣ በልብሽ አንብቢው» ትላታለች።

«በልቤ ካነበብኩት ማን ያውቅልኛል?»

አንድ ችግር ነበረባት፤ ረጅም ቃል ትፈራለች። አጭሩን እንደ ውሃ ጭልጥ ታደርገዋለች፤ ረጅሙ ሲመጣ ግን ፊደሎቹ እንደተቋጠረ ክር ይተበተቡባታል። ብቻዋን ስትሆን በጣቷ እየተከተለች፣ እያላባት ትፈታዋለች። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ ታደርግና ትዘለዋለች። ሬዲዮ ተንተባተበች እንዲባልላት አትፈልግም።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚያስቀይር ሰው ጠፋ። እሷም የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዞረችና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአፍ መሸፈኛ መስፋት ጀመረች። የሰፋችውን በፌስታል ቋጥራ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ታስረክባለች። በሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ በየቀኑ አንድ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። የታችኛው፣ በቀይ ቀለም፣ «የተገኘባቸው» ይልና ቁጥር ይከተለዋል። ይህን ጥርት አድርጋ ታነባለች። የላይኛው ግን ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ጉድ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው። «ም» ብላ ትጀምርና ትተወዋለች። የቢሮ ሰዎች ወረቀታቸው አናት ላይ ቁጥር ካልጻፉ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ታውቃለች። ስለዚህ የደብዳቤ ቁጥር ነው ብላ ለራሷ ነገረቻት፤ ራሷም አላከራከረቻትም። ዛሬ ይህን ስታወራ፣ «ሰው እንዳልጠይቅ፣ መጠየቅ ማለት እኮ አላነበብኩትም ማለት ነው» ትላለች።

ከዚያ ወደ ግቢው ትመለስና መሃል ላይ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ትቆማለች። ጎረቤቶቿ ማንበብ አቅቷቸው አይደለም፤ እዚያ ድረስ ሄዶ ከሚያስለው ሰው ጋር መጋፋት ስለፈሩ ነው። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ፣ የፎቋ ሴትዮ መስኮቷ ላይ ሆነው ይጠብቋታል።

«ዛሬስ?» ይላል ጫማ ሰፊው።

ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «አርባ።»

«ትናንት ስንት ነበር?»

«እሱን ትናንት ነግሬሃለሁ። ሬዲዮ አይደግምም።»

ከሁሉ ይልቅ ጆሮዋን ሰጥታ የምትሰማት ግን ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ጸጉሯ የሸበተውን ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ «ሚጢ» ብላ ነው የምትጠራት። የምትኖረው ከግቢው ጥግ ባለችው ክፍል ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ውስጥ ብዙ ዘመን ስለሠራች ደረቷ ደካማ ነው፤ ትንሽ ፈጠን ብላ ከተራመደች እንደ ወናፍ ይጮኻል። ይህ በሽታ ከያዛት እንደማትተርፍ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ምግቧ ደፉ ላይ ይቀመጥላታል፤ ወሬ በመስኮት ነው።

በዚህ መሃል የእህቷ ልጅ ወለደች። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ «ተዪው አሁንስ» ማለት ከጀመረ በኋላ፣ ሴት ልጅ። ቤቷ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሁለት አውቶቡስ ይያዛል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ነው።

«አንዴ ብቻ አቅፌያት ልመለስ» ትላለች እህትየው በመስኮቷ። «ድምፅዋን በስልክ አሰሙኝ እኮ። ስታለቅስ ቁርጥ እናቷን። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ጣሪያ እቆጥራለሁ።»

«ትንሽ ታገሺ እትዬ።»

«ስንት ልታገስ? ቴሌቪዥኑ የሚያወራው ስለ አገር ነው፤ አንቺ የምታወሪው ስለዚህ ሰፈር ነው። ሂጂ ስትዪኝ ነው የምሄደው።»

«ይቀንስና እነግርሻለሁ።»

ቀነሰም። አርባው ሃያ ሆነ፣ ሃያው ዘጠኝ። ቁጥሩ በወረደ መጠን ልብስ ሰፊዋ ከፍ ከፍ አለች። በሽታውን በመጥረጊያ እየገፋች ከሰፈሩ የምታስወጣው ራሷ ትመስል ነበር። ስድስት የገባ ቀን ገመዱ ሥር ደረቷን ነፍታ ቆመች።

«ስድስት። ጥርግ ብሎ እየወጣላችሁ ነው።»

«ሬዲዮን ፈርቶ ነው» አለ ጫማ ሰፊው።

«ሚጢ፣ ልሂድ?» የሚል ድምፅ ከጥጉ መስኮት መጣ።

«ሂጂ እትዬ። ነገ ሂጂ፤ አውቶቡሱ ድረስ እሸኝሻለሁ።»

የእህቷ ፊት ከመስታወቱ ጀርባ ሲፈካ አየች። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብላ እስከ ቤቷ ድረስ እየተንጎራደደች ሄደች፤ ቤቷ ከገመዱ ሥር ጥቂት እርምጃ ባይሆን ኖሮ ብዙ ትንጎራደድ ነበር።

በማግስቱ ለመሸኘቱ እንዲመቻት ፌስታሏን ይዛ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ፣ ከልጅ ልጇ እምብዛም የማትበልጥ ልጅ፣ የዕለቱን ወረቀት እየለጠፈች ነበር። የታችኛው ቁጥር ዛሬም ስድስት ነው።

«በርቱ የኔ ልጅ፤ አባረራችሁት እኮ» አለቻት።

«ማንን እማማ?»

«በሽታውን ነዋ። አርባ የነበረውን ስድስት አደረጋችሁት አይደል?»

ነርሷ እጇ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ዞር ብላ አየቻት። «ስድስት ከስንት?»

«ከስንት ማለት?»

«የላይኛውን ቁጥር አላዩትም?»

«የደብዳቤ ቁጥሩን?»

የልጅቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው፤ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳቅ ነው። በጣቷ መስመሩን ተከትላ አነበበችላት። «ምርመራ የተደረገላቸው ሰዎች ጠቅላላ ብዛት። ስምንት። መመርመሪያው እያለቀብን እኮ ነው እማማ። አርባ ያገኘን ጊዜ አራት መቶ ሰው መርምረን ነበር። አሁን ስምንት መርምረን ስድስት አገኘን።»

ክው አለች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ የገረማት እስከዛሬ አለመግባቱ ነው። የተማሪ ሸሚዝ ሰፍታ ስታስረክብ አንድ በአንድ ገልብጣ ቁልፍ የምትቆጥር ሴት ናት። ከቁልሉ ላይ ጥቂት ሸሚዝ ብቻ አይቶ «ቁልፍ የጎደለው ጥቂት ነው» የሚል ልብስ ሰፊ ቢያጋጥማት መቀሱን ትቀማው ነበር። በሸሚዝ ላይ የማትሠራውን በሰው ላይ ሠራችው፤ ያውም በእህቷ ላይ።

«እትዬ» አለችና ዞራ ሮጠች።

«እማማ፣ ቆዩ እንጂ፣ አልጨረስኩም እኮ» አለች ነርሷ። ማን ሰምቷት። የአፍ መሸፈኛውንም ሳታስረክብ ከነፌስታሉ ይዛው ሄደች። ሩጫው ሩጫ ከተባለ ነው፤ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ፣ አንድ እጇ ፌስታሉ ላይ። በመንገዷ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ ያለፈችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ግቢ ስትደርስ እህቷ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ቡናማ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ቦርሳው ውስጥ ለሕፃኗ የሠራችላት የሱፍ ካልሲ እንዳለ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ውሸት ስትፈልግ ነበር የመጣችው። አውቶቡስ ቆሟል ልበል? መንገድ ተዘግቷል ልበል? ለክብሯ የሚመች ውሸት አጥታ አልነበረም፤ አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«ከአራት ሰው ሦስቱ ታሟል።»

የፎቋ ሴትዮ መስኮቷን ጠረቀመችው። ከዚያ ለጆሮዋ ያህል መልሳ ከፈተችው። ጫማ ሰፊው ጣቱን አውጥቶ ግቢውን መቁጠር ጀመረ።

«እኛ ስምንት ነን» አለ። «ስለዚህ ስድስታችን ታመናል። ሁለት ጤነኛ እንምረጥና ያስታምሙን።»

«አትቀልድ አንተ።»

«ማን ቀለደ? አንዱ እኔ ነኝ፤ የሚቀረን አንድ ሰው ነው።»

እህቷ አልሳቀችም። «ትናንት ጥርግ ብሎ ወጣ አልሽ። ዛሬ ከአራት ሦስት። በአንድ ጀንበር ተመልሶ ገባ?»

«አልወጣም ነበር እትዬ።»

«እንዴት አልወጣም? አንብበሽ የለም እንዴ?»

«ያነበብኩት የታችኛውን ነው። የላይኛውን... አላነበብኩትም።»

«ለምን?»

ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ረጅም ነው» አለች።

ምላሱ አርፎ የማያውቀው ጫማ ሰፊ እንኳ አቀርቅሮ የራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

ነርሷ እያለከለከች የግቢው በር ላይ የደረሰችው ይሄኔ ነው። የመጣችው ለአፍ መሸፈኛው ነበር፤ ካፖርት የለበሰችውን አሮጊትና የሁሉንም ፊት ስታይ ግን ነገሩ ገባት።

«ቸኮሉ እማማ» አለች ከበሩ ሳታልፍ። «ስምንቱ ትኩሳትና ሳል ይዟቸው የመጡ ናቸው። መመርመሪያው ጥቂት ስለሆነ የምንመረምረው ክፉኛ ያመመውን ብቻ ነው። እዚያ መሃል በሽታው ቢበዛ ምን ይገርማል? ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው ማለት አይደለም።»

«ተመስገን» አለች የፎቋ ሴትዮ ገርበብ ባለው መስኮቷ።

«ቀንሷልም ማለት አይደለም።»

መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ።

«ታዲያ ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው ነው የታመመው?» አለ ጫማ ሰፊው።

«አናውቅም» አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። ያን ሁሉ ዓመት የተማረች ልጅ፣ ነጭ ገዋን የለበሰች፣ ሰው ፊት አናውቅም ስትል ጉሮሮዋን አልጠረገችም። እሷ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ይህችን ቃል አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አውጥታት አታውቅም። ድሮ፣ ሳትማር፣ ቀኑን ሙሉ ስትላት ትውል ነበር።

«እሷን አልጠየቅኩም» አለች እህቷ። «ሚጢ፣ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ። ልሂድ፣ ልቅር?»

ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ለመጥረግ ቃጣትና ተወችው።

«አላውቅም እትዬ» አለች። «ሰፈሩ ውስጥ ስንት እንዳለ አላውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገብሽ ማን እንደሚቆም አላውቅም። የማውቀው ደረትሽን ነው። እሱን ተሸክመሽ፣ እኔ ሳላውቅ፣ ሂጂ አልልሽም።»

እህቷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ፊቷን አዞረች። ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩም መስኮቱም ተዘጋ።

የተከፈተው ሰንብቶ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምግቡን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?» ስትል መልስ የለም። ሳህኑ ግን ታጥቦ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ተጽናናች። ኋላ የሕፃኗ አባት ካልሲውን ሊወስድ መጣና ራቅ ብሎ ቆሞ ስልኩን ወደ መስታወቱ ዘረጋ። እህትየው አፏን ሸፍና መስኮቱን ገርበብ አደረገች። ፎቶውን ብዙ አየችው። ዓይኗን ጠረገችና ደግማ አየችው።

«አፍንጫዋ የሚጢ ነው» አለች በመጨረሻ። «አይ ያልታደለች።»

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሰማቻት። ስድብ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ገመዱ ሥር ቆመች። የሰሌዳውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል የልብስ ቅድ በምታወጣበት ወረቀት ላይ ገልብጣ ይዛዋለች።

«ከላይኛው እጀምራለሁ» አለችና ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። «ምር... መ... ራ። ምርመራ። የተ... ደ... ረ...»

«ባትሪዋ አልቋል» አለ ጫማ ሰፊው።

«ዝም በል አንተ» አለች እህትየው ከጥጉ መስኮት። «እኔ የትም አልሄድም። ትጨርሰው።»

«ገ... ላ... ቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።