ከመቃብር ያወጣሁት የአባቴ ናሙና

ይህ የሆነው አምና ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔን ግን እስካሁን አላሳቀኝም።

አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ምላሳቸው ጎን ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብትል ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩና ካንሰር ነው አሉን።

ሐኪሙ አንድ ምርመራ ይቀራል አለ። በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የእድገት ትእዛዝ የሚቀበል ነገር አለ፤ እሱ ከበዛ በሽታው የመመለስ ጠባይ ሊኖረው ስለሚችል ሕክምናውን ለመወሰን ይረዳል። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ናሙናውን በሰም እንደተያዘ በትንሽ ፕላስቲክ አድርገው ሰጡን።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አባቴ ሚኒባስ ውስጥ።

"ከምላስዎ የተቆረጠው ሥጋ ነው" አልኳቸው።

ለራሳቸው በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

በማግስቱ ለመንገድ ስነሳ ናሙናው የለም። ቤቱን ገለባበጥኩት። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ "አትድከሚ፣ ቀብሬዋለሁ" አሉኝ። የሰው ሥጋ ይቀበራል እንጂ በመኪና አይንከራተትም ባይ ናቸው። የት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ከእናትሽ አጠገብ" አሉ።

አቤት ንዴቴ! ናሙናው ከጠፋ እንደገና መቆረጥ ሊመጣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንደሚሉ አውቃለሁ። ዶማ ይዤ እናቴ ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እሳቸውም ከኋላዬ መጡ። ከእናቴ መቃብር ጎን ተንበርክኬ ስቆፍር፣ "በቁሜ ታወጪኝ ጀመር?" አሉኝ። መቆፈሬን ቀጠልኩ። ናሙናውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የቀበሩት። ሌሊት ዘንቦ ጨርቁ ርሷል፤ ሰሙ ግን ምንም አልሆነም።

አዲስ አበባ የተቀበለችኝ ባለሙያ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ጭቃ አይታ ምን ነክቶት ነው አለችኝ።

"ተቀብሮ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝና ጠርጋ ተቀበለችኝ። ሰሙ ሥጋውን ጠብቆታል አለች።

ውጤቱ ደስ አይልም፤ ያ የእድገት ትእዛዝ ተቀባይ በዝቶ ተገኘ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጨረር ሕክምናው እንዳይዘገይ አጥብቆ ነገረን። አባቴ ይህን ሰምተው፣ "ታዲያ እዚያው ከእናትሽ አጠገብ ብትተዪኝስ?" አሉኝ። እኔ የቀዶ ሕክምናውን ቀን አስያዝኩ።

ቀዶ ሕክምናውንም ጨረሩንም ጨርሰዋል። በሽታው ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። ምግብ አልጣፍጥ አለኝ እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩብኝ ይውላሉ። ይነጫነጩ! እኔ በመቆፈሬ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።