የአበልጁ ነጭ ቡሶላ

ይስማው ፈሪ ነው። ኮኪት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እሱም አይክድም። ውሻ ከሩቅ ሲጮህ መንገድ ይቀይራል። ሠርግ ቤት ጥይት ሲተኮስ ከሁሉ ቀድሞ አግዳሚ ወንበር ሥር የሚገኘው እሱ ነው። ትራክተር ሥር ሊገባ ሲል በክሪክ ብቻ ስለማያምን ግንድና ድንጋይ ይደረድራል፤ ባለ ትራክተሩም «ቤት ልትሠራ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅበታል። «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ የሚቀልዱበት እነዚሁ ሰዎች ግን ማሽናቸው ሲቆም ወደ ሌላ መካኒክ አይሄዱም። ሞኝ አይደሉማ! ፈሪ ያጠበቀው ብሎን መንገድ ላይ እንደማይላላ ያውቃሉ።

የተወለደው በለሳ ነው። ወደ ቆላ የወረደው እንደ ብዙው ሰው ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር። ገና ሥራውን ሳይለምደው ወባ ጣለችውና ጓደኞቹ አጭደው ሲመለሱ እሱ መተማ ዮሐንስ ላይ ቀረ። ከወደቀበት ያነሣው አብዱረሕማን የሚባል ሱዳናዊ መካኒክ ነው። ሾርባ እያጠጣ አዳነው፤ ሲድንም ጨርቅ አስይዞ ጋራዡ ውስጥ ቅባት አስጠረገው። ይስማው ሙያ የለመደው እንዲህ ነው። አፉ እንደ ሱዳኖቹ «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ይለው ነበር፤ ልቡ ግን አባቴ ነበር የሚለው።

ኡስታ ብዙ ነገር አስተምሮታል፤ አንዱን ግን ያስተማረው በደሙ ነው። ነገሩ የቡሶላ ነው። ቡሶላ ማለት ብሎን ራስ ላይ የሚጠልቅ፣ ትንሽ ኩባያ የመሰለ መፍቻ ነው። አንዱ ዓይነት ክሮም የተቀባ ነጭ ነው፤ ፊትህን ያሳይሃል። ሌላው ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ሲያዩት ከቃጠሎ የተረፈ ይመስላል። ነጩ የተሠራው ለእጅ ነው። ጥቁሩ እየመታ ለሚፈታ ማሽን ነው፤ ምት ይችላል። ነጩ ደረቅ ስለሆነ የማሽን ምት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል፣ ይፈነጠራልም። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ነጩ ለእጅ፣ ጥቁሩ ለማሽን» ይል ነበር ኡስታ ጧት ማታ። ታዲያ አንድ ቀን ጥቁሩ ተፈልጎ ጠፋ። ባለ ጭነት መኪናው ደግሞ ቸኩሏል። ያው አስተማሪው ራሱ «ለአንድ ጊዜ ምን ይላል?» አለና ነጩን ማሽኑ ላይ ሰካው።

ድምፁ የጥይት ነበር። ይስማው ቀና ሲል ኡስታ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ደፍኗል፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል። ጎንደር እስኪደርሱ ድረስ ይስማው የኡስታን ራስ ታቅፎ ሄደ። የኡስታ ግራ ዐይን አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ይስማው ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ ይዘላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ኋላ ኡስታ ወደ አገሩ ሲገባ ይስማው ኮኪት መጥቶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ሰርካለምንም አገባ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ያነሡላቸው አቶ አስማረ ናቸው፤ ከጎንደር መጥተው ሰፊ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ቁጣቸውም የማይዘገይ ሽማግሌ። አበልጅ ማለት ከዘመድ በላይ ነው። ከወንድምህ ጋር ብትጣላ ሰው ይታዘብሃል፤ ከአበልጅህ ጋር ብትጣላ ግን ሰማይም የሚታዘብህ ይመስልሃል።

በክርስትናው ድግስ ላይ አቶ አስማረ ተነሡና ቀይ ሣጥን አስመጡ። ቄሶቹ፣ ጎረቤቱ፣ ገበሬው ሁሉ እያየ ከፈቱት። ውስጡ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደረ፣ ዐይን የሚወጋ ነጭ ቡሶላ ነው። «በል ያንን ከሰል የመሰለ ብረትህን ጣለው!» አሉ። «የእኔ አበልጅ በጥላሸት ሲሠራ ማየት አልወድም። ያቺን የባትሪ መፍቻህን በዚህ አስጊጣት!» ሰዉ አጨበጨበ። የባትሪ መፍቻዋ ይስማው ያፈራት ትንሽ ማሽን ናት፤ በአንድ እጅ ትያዛለች፣ ብሎንን እየመታች ትፈታለች። ስጦታው ለእሷ አይሆንም። ይስማው ይህን እያወቀ ጉልበት ስሞ አመሰገነና ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም አይደል?

«ንገራቸው እንጂ» አለችው ሰርካለም፣ እንግዳው ሲበተን።

«በሰው ፊት የሰጡኝን ነገር ምን ብዬ? አይሆንም ልበላቸው?»

«አንተ እኮ ከብረት ይልቅ ሰው ነው የምትፈራው» አለች።

እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ይስማው አበልጁ ሲመጡ ጥቁሩን ደብቆ ነጩን ሣጥን ደጅ ያወጣል፤ ሲሄዱ መልሶ ጥቁሩን ያወጣል። የተደበቀ ውሽማ ያለው ነበር የሚመስለው።

እንዲህ ሲል ሲል የማሽላ አጨዳ ደረሰ። አንድ ጧት አቶ አስማረ በፒካፕ መጡ፤ ሾፌሩ ደሞዝ ነው። ከሽንፋ ወዲያ ያለው እርሻ ላይ ትራክተራቸው ቆሟል። ይስማው ዕቃውን ሲያሰናዳ አቶ አስማረ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። እጁ ወደ ጥቁሩ ሄደች፤ ተመለሰች። ቀዩን ሣጥንና የባትሪ መፍቻውን ብቻ አንሥቶ ወጣ። «የትራክተሩ ሥራ በእጅ የሚያልቅ ነው» ብሎ ራሱን አታለለ። ደግሞም በእጅ አለቀ፤ ትራክተሩ ተነሣ። ቢዘገዩም ሁሉም ደስ ብሏቸው ወደ ኮኪት ጉዞ ጀመሩ።

ጎማው የፈነዳው እዚያ መንገዱ ከሚጠብበት ላይ ነው። ግራና ቀኝ ያልታጨደ ማሽላ ቆሟል፤ ሰው በእግሩ ቢቆም አይታይም። ከዚሁ አካባቢ ባለፈው ወር አንድ ሾፌር ታግቶ ተወስዷል። ሚስቱ የማስለቀቂያውን ገንዘብ እስካሁን ቤት ለቤት እየለመነች ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዚህ የሚያልፍ መኪና የለም። አጋቾች ደግሞ የሚፈልጉት እንደ አቶ አስማረ ያለውን ነው፤ ስም ያለውን፣ እርሻ ያለውን፣ መሮጥ የማይችለውን።

ደሞዝ ወርዶ ክሪኩን ሰካ። ፀሐይዋ ቀልታ የማሽላው ራስ ላይ ተቀምጣለች። ይስማው የመኪናውን የጎማ መፍቻ ይዞ ታገለ። ሌሎቹ ብሎኖች እያለቀሱ ወጡ፤ የመጨረሻው ግን ዝጎ ንቅንቅ አልል አለ። መፍቻው አፉ ስላለቀ ይንሸራተታል። ነጩን ቡሶላ ከእጀታው ጋር አገናኝቶ ሞከረ፤ እጀታው አጭር ነውና ጉልበት አልሰጠውም። ማሽላው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ሦስቱም ዞሩ። ወፍ ናት። ይስማው ጀርባው በላብ ራሰ።

«ያቺ ባትሪህስ?» አሉ አቶ አስማረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። «ቡሶላዬን ስካባትና ጨርሰው እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?»

አወጣት። ነጩን ሰካባት። ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው ብሎኑ ላይ ገጠማት። ደሞዝ ጎማውን ሊቀበል ተንበርክኮ ፊቱን አስጠግቷል፤ አቶ አስማረ ከላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ አበልጄ።»

«አንተ ሥራህን ሥራ። ይቺ የልጅ መጫወቻ የምታህል ነገር ምን ታደርገኛለች?»

ማስነሻዋን ተጫነ። ተ-ተ-ተ-ተ! ብሎኑ አልተነቃነቀም፤ ጩኸቱ ማሽላውን አልፎ የትና የት ሄደ። ይስማው ቆም አለና ቡሶላውን አየው። ደህና ነው። የኡስታም እስከ መጨረሻዋ ምት ድረስ ደህና ነበር። ቀና ሲል ከፊቱ አራት ዐይን አለ፤ ሁለቱ የደሞዝ፣ ሁለቱ የአበልጁ። ጣቶች መሐል የሚወርደውን ደም አስታወሰ። ቶሎ ካልሄዱ ሰው ይመጣባቸዋል፤ ቶሎ ልሂድ ካለ ደግሞ ይህ ብረት አለ። መፍቻዋን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አልችልም» አለ። «አበልጄ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኼ ነጭ ቡሶላ የማሽን አይደለም። ይፈነዳል። ዐይን ያጠፋል። ጥቁሩን ቤት ትቼው የመጣሁት እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው።»

አቶ አስማረ ቀና አሉ።

«ይፈነዳል? እኔ ቦምብ ነው የሰጠሁህ?»

«ኧረ አይደለም፤ ለእጅ ግሩም ዕቃ ነው...»

«በቄስ ፊት ጉልበቴን ስመህ የተቀበልኸውን! ያን ዕለት አፍ አልነበረህም?» ፊታቸው ጠቆረ። «ፈሪ! ፍርሃትህን በእኔ ስጦታ ታሳብባለህ? ደሞዝ፣ አንተ ያዛት!»

ደሞዝ ታዘዘ። ምን ያድርግ፣ ጌታው ናቸው። የባትሪ መፍቻዋን አንሥቶ ተንበረከከ፤ አቶ አስማረም ይስማውን ለማሳፈር ይመስላል ከበፊቱ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ከብሎኑ አንድ ክንድ አይርቅም። በዚህ ጊዜ ያ ውሻ ሲጮህ መንገድ የሚቀይር ሰው ዘሎ ተነሣ። መፍቻዋን ከደሞዝ እጅ መንጭቆ ባትሪዋን ነቀለና ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራት። ከማሽላው ማዶ እሾህ የሞላበት ሸለቆ ውስጥ ገባች። ስታርፍ እንኳ አልተሰማም።

ቀጥሎ የተሰማው የሞተር ብስክሌት ድምፅ ነው።

ከኋላቸው፣ ከሽንፋ በኩል ነው የሚመጣው። መብራት የለውም። ሦስቱም ማሽላው ውስጥ ገብተው በሆዳቸው ተኙ። ይስማው ሳያስበው የአበልጁን ራስ በክንዱ ሸፍኖ ነበር፤ ሽማግሌው ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ሞተሩ መኪናው ጋ ሲደርስ ቀዘቀዘ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ትከሻ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ በትርም ይሁን መሣሪያ አልለየም። ይስማው በልቡ «ኪዳነ ምሕረት» አለ። የመኪናው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ ሞተሩ እንደገና ጮኸና ሄደ። እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የደሞዝ ጃኬት ብቻ ከወንበሩ ላይ ጠፍቷል።

ከማሽላው ሲወጡ ይስማው በእንብርክክ ነበር የሄደው። ቢሆንም ባዶ ቧንቧ የሆነውን የክሪኩን ዘንግ አምጥቶ በነጩ ቡሶላ እጀታ ላይ አጠለቀው። እሱና ደሞዝ እላዩ ላይ ተንጠለጠሉበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ። በመጨረሻ ብሎኑ እንደ ታረደ ፍየል ጮኸና ተላቀቀ። ጎማው ሲቀየር አቶ አስማረ ቡሶላውን ከመሬት አነሡት። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አገላብጠው አዩት፣ ለይስማው አፍንጫው ሥር አቀረቡለት።

«ይኸው! የታለ የፈነዳው?»

«በእጅ ስለሆነ ነው እኮ፣ አበልጄ...»

«በቃህ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቀዩን ሣጥን ዘግተው እግራቸው ሥር አደረጉት። ኮኪት ገብተው ይስማውን ቤቱ በር ላይ ሲያወርዱት ደህና እደር አላሉትም።

ሰርካለም ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ «እሰይ! አንድ ቀን ተናገርህ!» አለችው፤ ቀጥሎ ግን አለቀሰች። ትራክተሩ እንደገና ሲበላሽ አቶ አስማረ ሌላ መካኒክ ከገንዳ ውኃ ከተማ አስመጡ። የንስሐ አባታቸው ሊያስታርቁ ቢሄዱ «ቢሰድበኝ እንኳ እችለው ነበር። ያልሆነውን ይሆናል ብሎ በሾፌሬ ፊት ማዋረዱን ነው የማልችለው» ብለው መለሷቸው። ቄሱ ይህን ይዘው ወደ ይስማው መጡና «ለመሆኑ ማስረጃ አለህ?» አሉት። ምን ማስረጃ ይኖረዋል? ቡሶላው አልተሰበረ፣ ሰው አልተጎዳ። የኡስታ ዐይን ለዓለም ሁሉ ማስረጃ ይሆን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከድንበር ማዶ ነው፣ በሕይወት ይኑር አይኑርም አይታወቅ። ይስማው ሌሊት እየተነሣ ምናልባት እኔ ነኝ ያበድሁት፣ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር ይላል። ይህ ከሞተር ብስክሌቱም የባሰ ፍርሃት ሆነበት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊት ለፊት ተገናኙ። ይስማው ልጁን አቅፎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አቶ አስማረ ቆሙ። እሱን አዩት፣ ክርስትና ያነሡትን ልጅ አዩት፤ ፊታቸውን አዙረው አለፉ።

ሰርካለም ክንዱን ያዘችው። «አየህ እንዴት እንዳዩህ?»

«አየሁ» አለ ይስማው። «በሁለቱም ዐይናቸው ነው ያዩኝ።»