በክርን የተጠቆመች ሐብሐብ

እስከ ዘንድሮ ድረስ ሐብሐብ በጣቴ ጠቁሜ አላውቅም ነበር። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ከቆላ የመጣ ሐብሐብ ከመኪና ሲራገፍ፣ ሻጩ «የቱን ላንሳልሽ?» ካለኝ ጣቴን ጨብጬ በክርኔ ነበር የማሳየው። ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እሱን የእኔ አያት አላሳደጉትም።

ልጅ እያለሁ እናቴ ዐረብ አገር፣ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች፤ እኔ ከአባቷ ጋር ቀረሁ። አንድ ቀን ከዚያ የተመለሰች የሰፈራችን ሴት ዕቃ ይዛልን መጣች፤ ለአያቴ ሽርጥ፣ ለእኔ ሽቶ ሽቶ የሚል ቀሚስ። በቀሚሱ ኪስ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ የሐብሐብ ዘር ነበር፤ ትንንሽ ፍሬ ከሚያፈራው ዓይነት። እናቴ ስትደውል «ትከዪው። ሲበስል መጥቼ አብረን እንበላዋለን፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። ይህን ስነግራቸው አያቴ «ይቺ አገር እኮ ለገብስ…» ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ተዉት።

ግንቦት ላይ ከጓሮ፣ ፍግ ከሚደፋበት አጠገብ ተከልነው። እርጥብ ፍግ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ ጓሮ ፊቴ ድቅን ይላል። ክረምቱ ብርቱ ነበር። በረዶ ሲጥል ሰፌድ ይዤ እሮጣለሁ፤ ችግኙን እከድንና እኔ እደበደባለሁ። ከተከልነው ሁሉ አንዲት ሐረግ ብቻ ተረፈች፤ መስከረም ላይ ከጡጫዬ የማትበልጥ ሐብሐብ ያዘች።

አያቴ ሕጉን የነገሩኝ ያኔ ነው። «ዘሀራዬ፣ ለጋ ፍሬ በጣት አይጠቆምም፤ ይረግፋል። በክርንሽ አሳዪ።» ከዚያ ወዲያ እኔ የጓሮው ዘበኛ ሆንኩ። ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ጣቱን ሳይዘረጋ እጁን እይዘዋለሁ። የክፍል ጓደኞቼ በክርናቸው እየጎሸሙ ይቀልዱብኝ ነበር፤ አልከፋኝም። እናቴን የምታመጣልኝ ሐብሐብ ነበረችኝ። በስልክ የማወራላት ስለ እሷ ብቻ ነው፤ እናቴም «በርቺ የኔ ልጅ» ትለኛለች።

ውርጩ ሲጀምር፣ ሲመሻሽ ጭድ እናለብሳታለን፣ ፀሐይ ስትወጣ እንገልጣታለን። አንድ ጠዋት ስንገልጣት ሐረጓ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። አያቴ ሐብሐቧን በካራ ከፈሏት። ውስጧ ነጭ ነበር፤ ዘሯ እንኳ አልጠናም። «አንቺ አልጠቆምሽም፤ እኔ ምስክርሽ ነኝ» አሉኝ። እኔ ግን ማን እንደጠቆመብኝ ሳስብ ከረምኩ። እናቴ አልመጣችም። በዓመቱም አልመጣችም። አያቴ ሲሞቱም አልመጣችም።

የመጣችው እኔ ትዳር ይዤ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። መጥታም እዚያው ጓሮ ላይ ብርዱን የሚከለክል ላስቲክ ወጥራ ሐብሐብ ዘራች። ዘንድሮ ፍሬ ሲይዝላት ጠርታ አሳየችኝ፤ በክርኗ። ያኔ አላስቻለኝም፤ ስለዚያኛው ዘር ጠየቅኳት።

«ወላሂ ልጄ፣ ኮንትራቴን ያደስኩት ዘሩን ከመላኬ በፊት ነው» አለችኝ። «እዚህ ብርድ እንደሚመታውም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እያለቀስሽ ‹መቼ ትመጫለሽ?› ስትዪኝ ምን ልበልሽ?»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዘመን የጨበጥኩትን ጣት ዘርግቼ ፍሬዎቹን እያንዳንዳቸውን ጠቆምኳቸው። እናቴ እጄን አየችው።

አንዷም አልረገፈችም። ሁሉም በሰሉ፤ እናቴም የመጀመሪያዋን ቆርጣ ለእኔ ሰጠችኝ። ጣፋጭ ነበረች። ጣፋጭ መሆኗ ነው ያስለቀሰኝ።

አሁን ልጄ እዚያ ጓሮ ገብታ ጣቷን ወደፈለገችው ፍሬ ትዘረጋለች፤ አልከለክላትም። እኔ በእሷ ዕድሜ ጣቴን ጨብጬ እናቴን ስጠብቅ፣ እናቴ እንደማትመጣ ታውቅ ነበር።