ያላስተካከልኩት ወንበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

የዳንግላ ልጅ ነኝ። ያኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ታይፕ አስተምር ነበር፤ ኪቦርዱን ሳያዩ በዐሥሩም ጣት መጻፍ። አለምነሽ ከዘንገና አካባቢ ከገበሬ ቤት የመጣች ተማሪዬ ነበረች። ማደሪያ ስላልነበራት እኔ ዘንድ አስጠጋኋት፤ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። "እቴ" ትለኛለች። ጣቶቿን በመካከለኛው ረድፍ ላይ አሳርፌ፣ እጇን በሻሽ ሸፍኜ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። ብዙም ሳትቆይ በለጠችኝ።

በዚያው ሰሞን ከከተማው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ጸሐፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። ሁለታችንም ተመዘገብን። ያን ሥራ ለዓመታት እመኘው ነበር። ታዲያ ይህ ለበደሌ ምክንያት ይሆነኛል? አይሆነኝም።

አንድ ቀን አለምነሽ የእጇን አንጓ ይዛ መጣች።

"እቴ፣ ቀኝ እጄን እያመመኝ ነው። ጣቶቼም ይደነዝዙኛል። አቀማመጤ ይሆን እንዴ?"

አቀማመጧ ነበር። ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ የምትለማመድበት ወንበር በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ እጇ ከአንጓው ወደ ላይ ተቆልምሞ የጠረጴዛው ጠርዝ ይጫነዋል። ክርን ከኪቦርዱ እኩል እንዲሆን፣ አንጓ ቀጥ እንዲል እየዞርኩ ተማሪውን ሁሉ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። የእሷን አይቻለሁ። ካየሁትም ሰንብቻለሁ።

"አቀማመጥሽ ምንም አይልም። የለማጅ ሕመም ነው፤ ስትገፊበት ይለቅሻል" አልኳት።

ተሳስቼ አይደለም። እያወቅሁ ነው ያልኳት። ቁራጭ ስፖንጅ ከሥሯ ባደርግላት ይበቃ ነበር። አላደረግሁም።

አመነችኝና ገፋችበት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት ጸጉሯን እኔ እጎነጉንላት ጀመር። ወጌሻ ቤት ታሽታ ስትመለስ ይብስባትና በአዊኛ ታጉረመርማለች። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ምን እንዳለች አልጠይቃትም፤ የምትረግመኝ ይመስለኝ ነበር። ያን እጇን ቅባት እየቀባሁ፣ በልቤ ግን እስከ ፈተናው እንዳይሻላት እመኝ ነበር። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆኛለሁ።

የፈተናው ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጀምሩ ሲባል የእሷ ኪቦርድ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ተንጣጣ። ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ጆሮዬ እሷ ዘንድ። ቀነስ አለ። ተቆራረጠ። ጸጥ አለ።

"ምነው ልጄ?" አሏት ፈታኙ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጄ እንቢ አለኝ።"

ከዚያ በግራ እጇ ብቻ መምታት ጀመረች። ጠብ… ጠብ… እኔ አላቆምኩም። ዞር ብዬም አላየኋት። እንዲያውም ፈጠንኩ።

ሥራውን እኔ ያዝኩ። አለምነሽ ልብሷን ሸክፋ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመለስ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋት። አለቀስኩም። ዕንባው የእውነት ነበር፤ ይህም አያነጻኝም።

ከዓመታት በኋላ አዘና ገበያ ውስጥ ጌሾ ስትሸጥ አገኘኋት። አግብታ እዚያው ትኖራለች። ቀኝ እጇ ዛሬም ከበድ ያለ ነገር አይጨብጥም፤ ጌሾውን የምትሰፍረው በግራዋ ነው። ስታየኝ ሥራዋን ትታ ተነሣች፤ አገላብጣ ሳመችኝ።

"ያኔ አንቺ ባትኖሪ እስከ ፈተናውም አልደርስም ነበር እኮ፣ እቴ።"

"ተይ እባክሽ፣ ምን አደረግሁልሽ" አልኳት፤ እንደ ትሑት ሰው አቀርቅሬ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። በገበያው ጫጫታ መካከል የሚሰማን ሰው አልነበረም። ብነግራት ከዚያ ከተማ የቀራትን አንድ ጥሩ ትዝታ አበላሽባታለሁ እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች።