የማትከራየው ቀይ ሳይክል

ሳይክል ጠጋኙን ፔዳልን ያወቅሁት ጎማዬ ተንፍሶ ነው። ወደ ሥራ እየሄድኩ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ ሱቁ ደጃፍ ደረስኩ። ጎማውን ሲለጥፍልኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ቀይ ሳይክል አየሁና ሥራ እንዳይረፍድብኝ ለዛሬ እሷን አከራየኝ አልኩት። እሷ አትከራይም አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ምክንያቱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሷ እንደነገረችኝ አወራችኋለሁ።

ፔዳል ስሙ አይደለም፣ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይክል ሲጠግንና ሲያከራይ ኖሯል። ጣቶቹ ቅባት ጠጥተው ጠቁረዋል፣ ወገቡም ጎብጦ ቀርቷል። ሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ደህና ደህናው ለደንበኛ፣ አንካሳው ለቤት። ሚስቱ ሆስፒታል አንሶላ ልታጥብ የምትሄደው ፍሬኑ በላላ፣ ኮርቻው በጨርቅ በታሰረ ሳይክል ነበር። ሲመሻሽ ሁለቱም ዝለው ይገናኛሉ። እሱ ወገቤን ይላል፣ እሷ ጉልበቴን ትላለች።

የጉልበቷ ነገር እየባሰ ሄደ። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግልሻል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ዳገት የሚባለውን ነገር እርሺው አላት። እሷ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ፣ ሃያ ስድስቱንም ዓመት፣ አንድ ነገር ስትለምነው ኖራለች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሐይቅ አለ፣ አጠገቡ ያለው ኮረብታ አናት ላይ ወጥቼ ሐይቁን ልየው ትላለች። እሱም ሥራው ቀለል ይበልና ይላታል። ሥራው መቼ ቀሎ ያውቃል! አሁን ግን ቀኑ አለቀ። እሱ ሱቁን ዘጋ፣ እሷ ፈቃድ ወሰደች፣ በአውቶቡስ ሄዱ።

ሐይቁ ዳር ሳይክል የምታከራይ ሴትዮ አለች፣ ሰው ከቧታል። ፔዳል ሚስቱን፣ ሳይክል መምረጡን ለኔ ተዪው፣ ሙያዬ ነው አላት። ከዚያ፣ አመል ያወጣል ከመሃል እንዲሉ፣ ደህናዎቹን ሁሉ አልፎ ጥግ የቆሙ ሁለት አሮጌዎች ጎትቶ አወጣ። ደህናው ለደንበኛ ነዋ። ዛሬ ደንበኛው ራሱ መሆኑ ትዝም አላለው። ሚስቱ አየችና ያወቀው ነገር ይኖራል ብላ አንዱን ተቀበለችው።

ብዙም ሳይርቁ የእሷ ሰንሰለት ወለቀ። ከኪሱ ፒንሳ አወጣ፤ ለእረፍት ሲመጣም ይዞት ነው የመጣው። አስተካከለ፣ ሄዱ፣ እንደገና ወለቀ። ደግሞ የእሱ ፍሬን እምቢ አለና ቁልቁለቱን በጫማው እየጎተተ ወረደ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ ዛፍ ሥር ጉልበቷን ይዛ ትቀመጣለች፣ እሱ ተንበርክኮ ይጠግናል፤ ሱቁ ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለው። ኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ጭራሽ ተበጠሰ። ስምንት ሰዓት አልፏል፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ደግሞ አሥራ አንድ ላይ ይነሳል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አላት፣ የተበጠሰውን እየቀጠለ።

"እንቁላሉ በእግሩ ነው የሄደው፣ ሳይክል አልተከራየም" አለችው። "አንተ ሰውዬ፣ ስትጠግን ማየትማ እቤትም መች አጣሁ። እኔ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልወጣ ነው።"

ተነስታ ዳገቱን ጀመረች። ፔዳል እጁ ላይ ያለውን ሰንሰለት አየ። ሳይጠግን ትቶት የሄደው ሳይክል ኖሮ አያውቅም። ሁለቱንም ዛፉ ላይ አስደግፎ ተከተላት።

ዳገቱ አያልቅም። አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። እሷ ትከሻውን ትይዛለች፣ እሱ ወገቡን ይይዛል። አናቱ ጋ አልደረሱም። ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ድንጋይ ጋ ጉልበቷ በቃኝ አለ። ከዚያ ሐይቁ ግማሹ ይታያል፣ ሌላውን ግማሽ ኮረብታው ራሱ ከልሎታል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። እሱ ፊቷን ማየት አፍሮ ጫማዋን ያያል።

"ቀደም ብለን ብንመጣ ያንንም እናየው ነበር" አላት።

"ቀደም ብለን" አለች እሷም። የዛሬን ጠዋት ትሁን ወይ ሃያ ስድስቱን ዓመት፣ አልጠየቃትም።

ሳይክሎቹን እየገፉ ሲመለሱ አከራይዋ ደነገጠች። "ውይ፣ እነዚህን ለምን ወሰዳችኋቸው? ነገ ጠጋኝ ይመጣል ብዬ እኮ ነው ጥግ ያቆምኳቸው።"

"ዛሬ መጣልሽ" አለቻት ሚስቱ።

አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ጣላት። በነጋታው ፔዳል ከሱቁ ሳይክሎች ሁሉ የተሻለችውን፣ ቀይዋን፣ ኮርቻዋን በሚስቱ ቁመት ልክ አስተካክሎ ግድግዳ ላይ ሰቀላት። ቀዶ ጥገናው አልፏል። ሐኪሙ ግን ሳይክል መንዳቱን እስካሁን አልፈቀደላትም፣ አትነጂም ብሎም አልከለከላትም። ቀኑን ሙሉ እግሯን ሣጥን ላይ ዘርግታ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች።

ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ነው። ስታልፉ እባካችሁ ጎራ በሉ፣ ጎማችሁ ባይተነፍስም ግቡ። ቀኑ አልመሽ ይላታል፣ ጨዋታም ትወዳለች። ኮረብታው አናት የደረሰ ሰው ካለ ደግሞ ያን ያላየችውን ግማሽ ይንገራት። ቀይዋን ሳይክል ግን አትጠይቁ።